ከአያቷ አስተርጓሚነት እስከ ምክር ቤት ወንበር

ስለ ኢልሃን ዑመር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በጥር 2019 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሒጃብ ወደ አሜሪካ ኮንግረስ መግባቷንና በአዳራሹ የራስ መሸፈኛን የሚከለክለው የ181 ዓመት ደንብ መሻሻሉን ነው። እኔ ግን ላተኩርበት የፈለግሁት ብዙም በማይወራለት በሚኒሶታ ግዛት ምክር ቤት አባልነቷና ወደዚያ ባደረሳት መንገድ ላይ ነው። በአንዳንድ የፖለቲካ አቋሞቿ ላይ ጥያቄ የሚያነሡ ሙስሊሞች አሉ፤ ያ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።

ኢልሃን በ1982 ሞቃዲሾ ተወለደች። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞቱ ያሳደጓት አባቷና አያቷ ናቸው። በ1991 ጦርነቱ ሲፋፋም ቤተሰቡ ተሰደደ። በኬንያ የስደተኞች ካምፕ አራት ዓመት ቆይቶ በ1995 አሜሪካ ገባ፤ በ1997 ሚኒያፖሊስ ሰፈረ።

ለእኛ የሚሆነው ትምህርት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አያቷ በፓርቲ የሰፈር ስብሰባ ላይ መገኘት ይፈልጉ ነበር፤ ስብሰባው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የ14 ዓመቷ የልጅ ልጃቸው አብራቸው እየሄደች ታስተረጉምላቸው ጀመር። እኒያ ሽማግሌ "እኛ እንግዶች ነን፣ ምን አገባን?" ብለው ቤታቸው ቢቀመጡ ኖሮ ልጅቱ ይህን ሁሉ የት ትማረው ነበር? እኛ ዘንድ የወረዳ ስብሰባ ሲጠራ ሁሉም ሥራ አለኝ ይላል። ልጁን ይዞ የሚሄድማ ማን አለ! የመስጊድ ወይም የመቃብር ቦታ ጉዳይ ሲነሣ ግን "ተወካይ የለንም" ብለን እናማርራለን።

እህታችን ከዚያም ወዲያ በአንድ ዝላይ ወንበር ላይ አልወጣችም። ስለ አመጋገብ ቤተሰቦችን ታስተምር ነበር። በ2011 ከሰሜን ዳኮታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። የሌሎችን የምርጫ ዘመቻ መራች፤ ከእነዚህ አንዱ አንድሩ ጆንሰን በ2013 የከተማው ምክር ቤት አባል ሲሆን አማካሪው ሆነች። በየካቲት 2014 አንድ የፓርቲ ስብሰባ ላይ በተነሣ ረብሻ ተደብድባ ተጎዳች። አልቀረችም።

በ2016 ራሷ ለውድድር ቀረበች። ወንበሩን ከ1973 ጀምሮ የያዙት ፊሊስ ካን ነበሩ። ሦስተኛው ተወዳዳሪ ሙሐሙድ ኑር ደግሞ እንደሷ የሶማሊያ ተወላጅ ነው። የወገን ድምፅ ለሁለት ሲከፈል ሁለቱም ይወድቃሉ ያሰኛል። ሆኖም የምርጫ ክልሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ልዩ ልዩ ነዋሪዎች ያሉበት ነው። እሷም የሁሉንም ድምፅ ጠየቀች፤ በነሐሴ በፓርቲው ማጣሪያ፣ በኅዳር በዋናው ምርጫ አሸነፈች። በአሜሪካ የግዛት ምክር ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ትውልደ ሶማሊያዊት ሆነች።

ጉድለቷንም መደበቅ አይገባም። በ2019 የሚኒሶታ የምርጫ ገንዘብ ተቆጣጣሪ ቦርድ፣ ከዘመቻ ገንዘቧ ላይ ለማይፈቀድ ጉዳይ ወጪ አድርጋለች በማለት 3,469 ዶላር ለዘመቻ ኮሚቴዋ እንድትመልስና 500 ዶላር እንድትቀጣ ወሰነ። "ይህን ማውራት ለጠላት መሣሪያ ማቀበል ነው" የሚል ወንድም አይጠፋም። እኔ አልስማማም፤ ሰው አምኖ ያዋጣው ገንዘብ አማና ነው።

በ2018 ለኮንግረስ ስትወዳደር የለቀቀችውን የግዛት ምክር ቤት ወንበር በምርጫ ያገኘው ያው ያሸነፈችው ሙሐሙድ ኑር ነው።