ቤተ መዘክር ለመጎብኘት ስንዘጋጅ



የጉብኝት ዕቅድ ሲነሣ ቶሎ የሚታሰበው መኪናና ስንቅ ነው። የሚታየውን ነገር አስቀድሞ ማጥናት ግን ከሁለቱም ይበልጣል። አለዚያ ዓይን ብዙ አይቶ ልብ ባዶውን ይመለሳል።

ለምሳሌ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር እንውሰድ። ሕንፃው ቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ከስብስቡም መካከል በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተሣሉ በርካታ ቅዱሳት ሥዕላት ይገኛሉ። ወደዚያ ለመሄድ ስናስብ የሚከተሉትን ነጥቦች እናስተውል።

አንደኛ፣ የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት፣ የመግቢያውን ዋጋ፣ ፎቶግራፍ ማንሣት የተፈቀደ መሆኑንም አስቀድመን እንጠይቅ። ብዙ ከሆንን በትናንሽ ቡድን እንከፈል፤ ሃያ ሰው በአንድ ሥዕል ፊት ቢቆም የሚያየው የፊተኛው ብቻ ነውና።

ሁለተኛ፣ ሁሉን ለማየት አንሩጥ። እያንዳንዱ ቡድን አራት ወይም አምስት ሥዕሎች መርጦ በእያንዳንዱ ፊት ረጋ ብሎ ይቁም።

ሦስተኛ፣ የሥዕሉን ቋንቋ እንማር። በአገራችን የአሣሣል ልማድ ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተገልጠው ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን፣ በአንድ ዓይን ይታያሉ። ከግርጌ ተደፍቶ የሚታየው ሰው ብዙውን ጊዜ ሥዕሉን ያሠራው ምእመን ነው፤ ስሙ የተጻፈበትም ጊዜ አለ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ እጆቿን አመሳቅላ፣ መሐረብ ይዛ ብትታይ፣ አሣሣሉ ሮም ካለችው ከታላቋ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣና ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በአገራችን የተስፋፋ ነው። የጎንደር ሥዕሎችንም እናነጻጽር፤ የቀደሙት ደማቅና ወጥ ቀለም ሲኖራቸው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ የፊትና የልብስ ጥላ እየጎላ መጥቷል።

አራተኛ፣ ደብተርና እርሳስ እንያዝ። ያየነውን በራሳችን እጅ መንደፍ፣ ባንችልበትም እንኳ፣ ያላስተዋልነውን ያሳየናል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ፣ ነገሥታት ወደ ዘመቻ ይዘውት ይሄዱ የነበረውን ኵርዐተ ርእሱ የተባለ ሥዕል ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደው፤ ለራሱም አስቀረው። ይህ ሥዕል ስሙና መልኩ የታወቀ ስለሆነ ዛሬም የእኛ ነው ብለን እንጠይቃለን። በገጠር ደብር ውስጥ ያለ፣ ማንም ያልመዘገበው ሥዕል ሲሰረቅ ግን ምን ይመስል እንደነበር ማን ይመሰክራል? መልኩን መግለጽ ያልቻልነውን ነገር የእኛ ነው ብለን ማስመለስ ይቸግረናል።

እንግዲህ ከቤተ መዘክሩ ስንመለስ ሥራው ይጀምራል። ከደብራችን አለቃና ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ጠይቀን፣ አባቶች ባሉበት፣ በራሳችን ቤተ ክርስቲያን ያሉትን ሥዕሎች እንመዝግብ፤ ርዝመታቸውን፣ የተሣለባቸውን ታሪክ፣ ጽሕፈታቸውን፣ የተሰነጠቀና የተላጠ ቦታቸውንም እንጻፍ። መዝገቡም በአለቃው እጅ ይቀመጥ። በመስተዋት ውስጥ ያለውን ማየት የተማረ ዓይን በመጋረጃ ውስጥ ያለውን ለመጠበቅ ይነቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።