ያልተከፈለ መቀጮና የነጋዴው መብት

ሕግን አለማወቅ ከቅጣት እንደማያድን ነጋዴ ሁሉ ሰምቶታል። ከቅጣቱ በኋላ የሚመጣውን ግን አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ፍርዱን ሰምቶ ከችሎት ሲወጣ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ያልተከፈለ መቀጮ ባለዕዳውን እስከ ሱቁ ድረስ ይከተለዋል።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ከኖረ በኋላ፥ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ተተክቷል። በዚህ ሕግ አንቀጽ 90 መሠረት፥ በልዩ ክፍሉ ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በቀር፥ በአንድ ሰው ላይ የሚወሰነው መቀጮ ከ10 እስከ 10,000 ብር፥ የሕግ ሰውነት ባለው ድርጅት ላይ የሚወሰነው ደግሞ ከ100 እስከ 500,000 ብር ነው። የድርጅቱ መቀጣት ሥራ አስኪያጁን ወይም ሠራተኛውን በግል ጥፋቱ ከመጠየቅ አያድነውም። ዳኛው መቀጮውን ሲመዝን የተቀጪውን ሀብት፥ ገቢ፥ የቤተ ሰብ ኀላፊነት፥ ዕድሜና ጤና ስለሚመለከት፥ እውነተኛውን ሒሳብ በችሎት ማቅረብ ይጠቅማል።

አንድ ባለሱቅ በሐሰተኛ ሚዛን ሸጦ 6,000 ብር ተቀጣ እንበል። መቀጮ በደንቡ ወዲያውኑ የሚከፈል ነው፤ ሆኖም ባለሱቁ አቅም ቢያንሰው ለፍርድ ቤቱ አመልክቶ በየወሩ 1,000 ብር እየከፈለ በ6 ወር እንዲጨርስ ሊፈቀድለት ይችላል። የሁለት ወሩን ከፍሎ፥ «ገበያው ቀዝቅዟል» በማለት ዝም ቢል፥ ፍርድ ቤቱ ዋስ እንዲጠራ ወይም ለቀረው 4,000 ብር ንብረቱ ተይዞ እንዲሸጥ ለማዘዝ ይችላል። በዚህም መንገድ ገንዘቡ ያልተገኘ እንደ ሆነ፥ መቀጮው ወደ ግዴታ ሥራ ሊለወጥበት ይችላል። እንግዲህ ቀኑ ከማለፉ በፊት ቀርቦ ችግሩን ማስረዳት ከዝምታ እጅግ ይሻላል።

የጥፋተኝነት ፍርዱም ራሱን የቻለ ውጤት አለው። አንቀጽ 123 እንደሚያመለክተው፥ ፍርድ ቤቱ የወንጀሉን ዐይነትና የጥፋተኛውን ጠባይ መርምሮ፥ ፈቃድ የሚያስፈልገውን ሙያ ወይም ንግድ የመሥራት፥ እንዲሁም ዋስና ምስክር የመሆን መብቱን በተጨማሪ ቅጣት ሊያነሣበት ይችላል። ይህ በተቀጪ ሁሉ ላይ የሚወድቅ አይደለም፤ የወደቀበት ነጋዴ ግን ከገንዘቡ ይልቅ ፈቃዱንና ስሙን ያጣል።

ሕጉ የመመለሻውንም በር አልዘጋም። ቅጣቱን የፈጸመ ሰው፥ ጽኑ እሥራት ከሆነ ቢያንስ 5 ዓመት፥ በሌላው ቅጣት ቢያንስ 2 ዓመት በመልካም ጠባይ ካሳለፈ፥ የተሻረ መብት ቢኖርም የመሻሩ ጊዜ ካበቃ፥ ወደ ቀድሞ መብቱ እንዲመለስ ለማመልከት ይችላል። ጥያቄው የተፈቀደለት እንደ ሆነ ፍርዱ ከመዝገብ ተሠርዞ ለወደፊቱ እንዳልነበረ ይቈጠራል። ነገር ግን አመልካቹ መቀጮውን፥ ለተበዳዩ የተፈረደውን ካሣና የፍርድ ቤቱን ወጪ አቅሙ በፈቀደ መጠን መክፈሉን ማሳየት አለበት። የዚያ ባለሱቅ ቀሪ 4,000 ብር እዚህ ላይ ዳግመኛ ይነሣል፤ ትንሽ መስሎ የተተወው ዕዳ ስሙን ከማንጻት የሚያግደው እንቅፋት ይሆንበታል።

ስለዚህ መቀጮ የተወሰነበት ነጋዴ የፍርዱን ግልባጭና እያንዳንዱን ደረሰኝ በአንድ ፋይል ያኑር፤ የመክፈያውን ቀን እንደ ባንክ ዕዳ ቀን በመዝገቡ ይጻፍ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሕግ በመተላለፍ የተከፈለን መቀጮ ከግብር ላይ በወጪነት እንዲቀነስ ስለማይፈቅድ፥ የሒሳብ ሠራተኛው ለብቻው ይመዝግበው። ደረሰኙ ከዓመታት በኋላ ለመብቱ መመለስ ምስክር ይሆናልና፥ ከፍሎ የጨረሰም ቢሆን አይጣለው።