ያዘነበለው ግድግዳና የባሕር ዛፍ ርብራብ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ 77ኛው አያ ላይ ትንሽ ቁሙ። ሙሳና ኸድር (ዐለይሂማ ሰላም) እንግዳ አናስተናግድም ባሉ ሰዎች ከተማ ውስጥ ሊወድቅ የደረሰ ግድግዳ አገኙ፤ ኸድርም ያለ ክፍያ አቀናው። ሁሌ የምናወራው ከሥሩ ስለተቀበረው የየቲሞቹ ሀብት ነው። እኔ ዛሬ ግድግዳው ላይ ልቆይ።

ፉቀሃዎችም ስለ ግድግዳ ጽፈዋል። በሐነፊ መዝሀብ፣ የመርጊናኒ ሂዳያ ላይ፣ ስለ ዲያ በሚናገረው ክፍል ያዘነበለ ግድግዳ ራሱን የቻለ ርዕስ አለው። ግድግዳህ ወደ መንገድ ካዘነበለ፣ ሰው ምስክር ይዞ "አፍርሰው" ካለህ፣ ማፍረስ እየቻልክም ከተውከው፣ ወድቆ ሰው ቢገድል ተጠያቂነት ይከተላል። ማንም ሳያስጠነቅቅህ ቢወድቅ ግን ፍርዱ ሌላ ነው። ልዩነቱ ማወቁ ላይ ነው።

ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ከለላ በሌለው ጣሪያ ላይ ያደረ ሰው ጥበቃው እንደሚነሳበት ተናግረዋል፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ይህ ስለተኛ ሰው ነው። ሦስተኛ ፎቅ ሶሌታ ጫፍ ላይ ብሎኬት ተሸክሞ ስለሚሄደውስ ምን እንላለን?

እዚህ ከሚሴ የደሴውን መንገድ ይዛችሁ ስትሄዱ በግንባታ ላይ ያሉትን ቤቶች ቀና ብላችሁ እዩ። ባሕር ዛፍ በሚስማር ተያይዟል፣ ላዩ ላይ አንድ ጣውላ ተጋድሟል፣ ልጁ በሸበጥ ቆሟል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሚስማሩ ይላላል። ከአንዱ ሳይት የተነቀለው እንጨት ለሌላው ይተከላል። እግሩ ያረፈበት አፈር ዝናብ ሲጠጣ ይሰምጣል። ይህን የማያውቅ ፎርማን አለ ብዬ አላምንም።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሰሜን ሸዋ፣ ምንጃር ሸንኮራ አረርቲ፣ በግንባታ ላይ የነበረ የማርያም ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። ለበዓል የወጡ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ሐዘናቸው ሐዘናችን ነው። የእኛም መስጂዶች የሚሠሩት በዚያው እንጨት ነው። ለአጅር ብሎ ድንጋይ ሊያቀብል ሚናራ ላይ የወጣ ልጅ ከወደቀ አጥንቱ እንደ ማንም ሰው ይሰበራል።

"ቀደር ነው" የሚል አይጠፋም። ዑመር (ረ.ዐ) ሻም ላይ ወረርሽኝ መኖሩን ሰምተው ከሰርግ ሲመለሱ አቡ ዑበይዳ ይህንኑ ጠይቀዋቸው ነበር። ዑመር መመለሱም ራሱ የአላህ ቀደር እንደሆነ ነበር የመለሱላቸው። ቀበቶ መታጠቅም፣ ርብራብ ማጠናከርም እንደዚያው ነው። ደግሞ ልጇ የወደቀባትን እናት በ"ቀደር ነው" አጽናንቶ ካሳዋን ማስቀረት ሌላ በደል ነው።

የአገራችን የሥራ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳይ ያዛል፤ ሠራተኛውም እንዲጠቀምበት። የራስ ቁሩን "ይሞቃል" ብሎ ሚስማር ላይ የሚሰቅል ልጅ ይህን ይስማ። ለደኅንነቱ የሚያሰጋ አደጋ ተደቅኖ፣ አሠሪው እያወቀ በጊዜው ካላስተካከለ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። እዚህም ነገሩ ማወቅ ላይ መጣ።

ስለዚህ ርብራቡ ሲወዛወዝ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ። ሁለት ጓደኞቻችሁ ባሉበት ለፎርማኑ ንገሩ። የተናገረ የቀን ሠራተኛ "ነገ አትምጣ" ሊባል እንደሚችል አውቃለሁ፤ በቀን ገቢ የሚኖርን ልጅ ብቻውን ተናገር ማለት ይከብደኛል። ይህ ሸክም ይበልጥ የሚያርፈው ምህንድስና በተማራችሁት፣ በባለ ሕንፃዎችና መስጂድ በሚያሠሩ ኮሚቴዎች ላይ ነው። ለሲሚንቶና ለብረት ገንዘብ ስትሰበስቡ የብረት መወጣጫ ኪራይና የቀበቶ ዋጋም ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። ለጋሹ ሲጠይቅም በግልጽ ንገሩት።

ወላሁ አዕለም።