ምግብን በረዶ ስለሚያደርግ የቤት ማቀዝቀዣ

የቤት ማቀዝቀዣ ተግባሩ ምግብን አቀዝቅዞ ማቆየት እንጂ በረዶ ማድረግ አይደለም። ወተቱና አትክልቱ በረዶ እየሆነ የተቸገረ ገዢ አቤቱታውን ይዞ ሲመጣ፣ ነጋዴው ዕቃውን ብልሹ ነው ብሎ ከመቀበሉ በፊት ምክንያቱን በቅደም ተከተል ሊመረምር ይገባዋል።

አንደኛ፤ መዞሪያ ባላቸው ማቀዝቀዣዎች ላይ የሚታየው ቍጥር በአብዛኛው የቅዝቃዜ ኃይል እንጂ ዲግሪ አይደለም፤ ቍጥሩ ከፍ ሲል ቅዝቃዜው ይበረታል። ይህን ያላወቀ ገዢ የቀነሰ እየመሰለው ያበረታዋል። ስለዚህ ቍጥሩን ዝቅ አድርጎ፣ በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ቴርሞሜትር በውሃ ብርጭቆ ውስጥ ማሳደር ነው፤ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያሳይ መልካም ነው።

ሁለተኛ፤ ምግቡ ከኋላው ግድግዳና ከቀዝቃዛው አየር መግቢያ መራቁን፣ የበሩም ላስቲክ በሚገባ መግጠሙን ማየት ነው፤ ሙቅ አየር የሚገባበት ማቀዝቀዣ ሞተሩ ዕረፍት አያገኝምና።

ሦስተኛ፤ መዞሪያው ወደ መዝጊያው ተመልሶ ሞተሩ ካልቆመ፣ ቴርሞስታቱ መበላሸቱን ያመለክታል፤ እርሱን ማስለወጥ ነው እንጂ ማቀዝቀዣውን መጣል አያስፈልግም።

አስመጪውም የቍጥሮቹን ትርጉም በአማርኛ አስጽፎ ከዕቃው ጋር ቢያስረክብ፣ ገዢውን ከችግር፣ ራሱንም ከኪሳራ ያድናል።