የአማርኛ መጽሐፍን ለኪንድልና ለኮቦ እንዴት እናዘጋጅ?

በኪንድል ወይም በኮቦ የተከፈተ የአማርኛ መጽሐፍ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከመጣ፣ ወይም እጅግ ከደቀቀ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የፎንቱ ወይም የፎርማቱ ነው። በሚከተለው ቅደም ተከተል ያስተካክሉት።

1. ጽሑፉን ይፈትሹ። አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርገው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉ። አማርኛው እንዳለ ከወጣ ዩኒኮድ ነው። የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን በድሮ ፎንት የተተየበ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ኮድ ላይ ይደርቡት ነበር። እንዲህ ያለው ጽሑፍ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ ፎርማት መቀየር አይጠቅመውም።

2. ፎርማት ይምረጡ።

ፒዲኤፍ ገጹን እንደታተመ ያቆየዋል። የኤ4 ገጽ በ6 ኢንች ስክሪን ሲታይ 12 ነጥብ የነበረው ፊደል ወደ 5 ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ሰንጠረዥና ሥዕል ለበዛበት መጽሐፍ፣ ያውም በሰፊ ስክሪን ለሚነበብ፣ ይሁን።

ኢፐብ ድረ ገጽ በሚሠራባቸው ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ የተሠራ ነው። ፊደሉን ሲያሳድጉት መስመሩ ራሱን ያስተካክላል። ለልቦለድና ለታሪክ የሚመረጠው ይህ ነው፤ ኮቦም በቀጥታ ይከፍተዋል።

ኤዜድደብሊው3 የአማዞን ነው። ኪንድል በዩኤስቢ የተጫነለትን ኢፐብ ስለማይከፍት፣ ካሊበር በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደዚህ ይቀይሩት።

3. ፎንት ይጫኑ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል። መደበኛውንም ደማቁንም ያውርዱ፤ ደማቁ ከሌለ መሣሪያው መደበኛውን በግድ ስለሚያወፍረው ፊደሉ ይደፈናል። መሣሪያውን ከኮምፒውተር አገናኝተው ፋይሎቹን «ፎንትስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ያስገቡ (ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል፤ ኮቦ ላይ ከሌለ ይፍጠሩት)። ከዚያ መጽሐፉን ከፍተው ከፎንት ዝርዝሩ ይምረጡት። ፎንቱን በካሊበር መጽሐፉ ውስጥ ከከተቱት ደግሞ የአሳታሚውን ፎንት የሚለውን ይምረጡ።

4. አቀማመጡን ያስተካክሉ። የመስመሩን ክፍተት ሰፋ ያድርጉ። የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሚሆን ሁለቱም ጠርዝ እኩል ሲደረግ በቃላት መካከል ሰፊ ቀዳዳ ይፈጠራል፤ በግራ ብቻ ያስተካክሉት። ትኩረት የሚሹ ቃላትን ከማዝመም ማድመቅ ይሻላል።

5. ሙሉውን ከመጫንዎ በፊት አንድ ምዕራፍ ይሞክሩ። ሏ፣ ቷና ኳን፣ ፩ እና ፪ን፣ ፤ እና ።ን ይፈልጉ። ሌላው ጽሑፍ ደህና ሆኖ እነዚህ ብቻ ሳጥን ከሆኑ ፎንቱ ጎደሎ ነውና ይቀይሩት።