ሚዛን መኖሩና ሚዛን መጽናቱ

የኤኮኖሚ ትምህርት የጀመረ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት የሚቋረጡ መሥመሮችን ይሥላል። አንደኛው ገዢዎች በየዋጋው የሚፈልጉትን መጠን፥ ሁለተኛው ሻጮች በየዋጋው የሚያቀርቡትን መጠን ያሳያል። መሥመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ የሚዛን ዋጋ ይባላል፤ ተማሪውም ይህንኑ በደብተሩ ጽፎ ያልፋል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል። ይኸውም፥ ገበያው ከዚያ ነጥብ ቢናወጥ ተመልሶ ይመጣልን? የሚል ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት አንዲት ብይ እንውሰድ። በጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ያለች ብይ ብትነካ ወዲያና ወዲህ ብላ ከመካከል ትረጋለች። በተደፋ ሳሕን አናት ላይ የተቀመጠችውም ካልነኳት ትቆማለች፤ ጥቂት ከተነካች ግን ተንከባልላ ትወርዳለች እንጂ አትመለስም። በሁለቱም ዘንድ ሚዛን አለ፤ ጽናት ያለው ግን በመጀመሪያው ብቻ ነው።

ይህንኑ በገበያ እንመልከት። የበቆሎ የሚዛን ዋጋ በኩንታል 100 ብር፥ መጠኑም 100 ኩንታል ይሁን። ለገበያ የሚቀርበው እህል 10 ኩንታል ሲጨምር ዋጋው 10 ብር ይቀንሳል እንበል። ገበሬው የሚዘራው የዘንድሮን ዋጋ አይቶ ነውና፥ ምርቱ ገበያ የሚደርሰው በሚመጣው ዓመት ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ሰምሮ ዋጋው ወደ 90 ብር ወረደ። ገበሬው ለ10 ብር ለውጥ 5 ኩንታል የሚቀንስ ከሆነ፥ በሁለተኛው ዓመት 95 ኩንታል ይቀርባል፤ ዋጋውም 105 ብር ይሆናል። በሦስተኛው ዓመት 97 ብር ከ50 ሳንቲም፥ እንዲህ እያለ ወደ 100 ይጠጋል። ለ10 ብር ለውጥ 20 ኩንታል የሚቀንስ ከሆነ ግን፥ ዋጋው ከ90 ወደ 120፥ ከ120 ወደ 60 እየተወረወረ ይርቃል። የሚዛኑ ነጥብ በሁለቱም ያው 100 ብር ነው። ይህ ነገር በሥዕል ሲነደፍ የሸረሪት ድር ስለሚመስል፥ ኒኮላስ ካልዶር በ1934 በዚሁ ስም ጠራው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሊቃውንቱም የተቸገሩት በዚሁ ነው። ሌዎን ቫልራስ በ1874 መጽሐፉ፥ ገበያዎች ሁሉ እርስ በርሳቸው የተያያዙ መሆናቸውን ገልጾ፥ ዋጋዎች እየዳበሱ ሚዛናቸውን ያገኛሉ ብሎ አሰበ። በ1954 ኬኔት አሮውና ዤራር ደብሩ፥ የታወቁ ሁኔታዎች ከተሟሉ ሚዛን መኖሩን በሒሳብ አረጋገጡ። ጽናቱን ማረጋገጥ ግን እንዲሁ አልቀለለም። በ1960 ኸርበርት ስካርፍ ሦስት ዕቃዎች ብቻ ያሉበትን ገበያ ምሳሌ አድርጎ፥ ዋጋዎቹ ሚዛኑን ሳያገኙ ሲዞሩ ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳየ።

ነገሩ በሰሌዳ ላይ ብቻ የሚቀር ሒሳብ አይደለም። በአገራችን ተከታታይ መልካም መኸር ከተገኘ በኋላ፥ በ2002 መጀመሪያ የበቆሎ ዋጋ እጅግ ወደቀ። ብዙ ገበሬዎች የማዳበሪያ ዕዳቸውን መክፈል አቃታቸው፤ ለሚቀጥለውም ዘር ማዳበሪያ ቀነሱ። በዚያው ዓመት ዝናብ ጎደለ፤ በ2003 ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ጠባቂ ሆነ። ድርቁን ገበያ አላመጣውም። ሆኖም የዋጋው መውደቅ ገበሬውን አስቀድሞ አዳክሞት ነበር። የተትረፈረፈውን እህል ለክፉ ቀን የሚያቆይ ጎተራ፥ ገበሬውንም በርካሽ ከመሸጥ የሚያድን ብድር በበቂ ቢኖር ኖሮ፥ ዋጋው እንዲያ ባልተወረወረ ነበር። የተደፋውን ሳሕን የሚገለብጡት እንደነዚህ ያሉ ነገሮች ናቸው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ሁለቱን መሥመሮች ሥለን የሚገናኙበትን ነጥብ ካገኘን በኋላ እርሳሳችንን ለማስቀመጥ አንቸኩል። ገበያው ሲናወጥ የሚመልሰው ምንድን ነው? እስኪመለስስ ድረስ ስንት ዓመት ያልፋል፥ በዚያ ጊዜስ ማን ይጎዳል? ብለን እንጠይቅ።