ከአንድ እፍኝ ቃሲል ጀምሩ

ሀርጌሳ ገበያ ውስጥ አረንጓዴ ዱቄት በከረጢትና በፌስታል ደርድረው የሚሸጡ እናቶች አሉ። ዱቄቱ ቃሲል ይባላል። ለፊት ነው ወይስ ለፀጉር? ለገላ ነው ወይስ ለእጅና ለእግር? ብላችሁ ብትጠይቁ ለሁሉም የምታገኙት መልስ አንድ ነው፦ አዎ። አንድ ዱቄት፣ አንድ ጣሳ ውሃ፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር። የሶማሌ ሴቶች ቆዳቸውንና ፀጉራቸውን በዚህ ዱቄት ሲንከባከቡ ትውልድ በትውልድ ተተክቷል። እዚህ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ግን በየቀኑ አጠገቡ እያለፍን ደመወዛችንን በሦስትና በአራት ጠርሙስ ላይ እናፈሳለን።

ቃሲል እንግዳ ነገር አይደለም። ሶማሌዎች ጎብ የሚሉት ዛፍ ቅጠል ነው። እኛ ቁርቁራ የምንለው ዛፍና የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው ይህን ቅጠል የሚሰጡት። ከቆቦ ቆላ እስከ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ፍሬውን ለቅሞ በልቷል፣ በእሾሁ ተወግቷል፣ ቅርንጫፉ ለአጥር ሲቆረጥ አይቷል። ዝናብ በራቀው መሬት ላይ ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ ለምለም ሆኖ የሚቆም ዛፍ ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን ሟችን ሲያጥቡ ከውሃው ጋር የዚህን ዛፍ ቅጠል ይጨምራሉ፤ በነቢዩ ሐዲስ የታዘዘ ነውና። በሕይወት ካለው ሰው ፊት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ትጥበት የሚያገለግል ቅጠል ነው እንግዲህ። እኛ ፍሬውን በልተን ቅጠሉን ለፍየል ተውነው።

ቅጠሉ ለምን አረፋ ይሰጣል? ውስጡ ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለ ነው። ሳፖኒን አንዱ ጎኑ ውሃን፣ ሌላው ጎኑ ቅባትን ይይዛል። ላብና ወዝ የያዘው አቧራ ከቆዳ የሚለቀው ሁለቱን ስለሚያገናኝ ነው። የእንዶድ አረፋም የሚመጣው ከዚሁ ንጥረ ነገር ነው። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያነጡበት የኖሩት እንዶድ ታሪኩ ሁልጊዜ ልቤን ያሞቀዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ባለው ውሃ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የበሽታው ተሸካሚዎች ነበሩ። ከዚያች ምልከታ ተነሥተው ለዓመታት ተመራመሩ፤ በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ያን አረፋ ከእሳቸው በፊት ስንትና ስንት ሰው እያየው አልፏል! ቆም ብሎ ያየ ግን አገርን የሚጠቅም ነገር አገኘ። (እንዶድ ለልብስ ነው፤ ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል፣ ቢዋጥም ይመርዛልና ለገላ አትሞክሩት።)

ወገኖቼ፣ ልላችሁ የፈለግሁት ይህ ነው። ራስን መንከባከብ የሚጀምረው የጎደለን ሁሉ ከተሟላ በኋላ አይደለም። ብዙዎቻችን "ደመወዝ ሲጨመር"፣ "የራሴን ቤት ስከራይ"፣ "ወደ አገሬ ስገባ" እያልን ፊታችንን፣ ፀጉራችንን፣ ጤናችንን ቀጠሮ እንሰጠዋለን። ሻምፖው ለብቻ፣ ኮንዲሽነሩ ለብቻ፣ የፊቱ ለብቻ፣ የገላው ለብቻ ካልሆነ ንጽሕና የማይሟላ ይመስለናል። ከዚያ አንዱ ሲያልቅ ሌላውም ይቀራል። እናንተ ግን ዛሬ ማታ በእጃችሁ ባለ ሳንቲም፣ በደጃችሁ ባለ ቅጠል መጀመር ትችላላችሁ። አንድ ነገር ይዛችሁ በደንብ እወቁት። ለምን እንደሚሠራ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈልግ፣ ለእናንተ ቆዳ የሚስማማው ውፍረት የቱ እንደሆነ እወቁ።

ጥቂትና ቀላል ነገር መያዝ ለምን እንደሚያዋጣ ጥናትም ያግዘናል። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች 96 ሰዎች አንድ አዲስ ነገር በየቀኑ ሲያደርጉ ተከታተሉ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2010 በሳይንሳዊ ጆርናል ታተመ። አዲሱ ነገር ሳያስቡት የሚያደርጉት ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ለአንዳንዱ 18 ቀን በቃው፣ ለሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚፈጅ ተገመተ። እንደ ውሃ መጠጣት ያለው ቀላል ነገር ቶሎ ሲለመድ ስፖርቱ ቆየ። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ደግሞ አንድ ቀን መዝለል የተገነባውን አለማፍረሱ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ደክሟችሁ ሳትታጠቡ ብታድሩ አርብ ቀጥሉ። ከአንድ እንቅብ ዕቅድ አንድ እፍኝ ልማድ ይበልጣል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ቃሲልን አንዴ ሞክሮ የሚተወው አዘገጃጀቱን ስለማያውቅ ነውና።

ስትገዙ ቀለሙን እዩ፣ አሽቱት። ጥሩ ቃሲል አረንጓዴ ነው፤ እንደ ደረቅ ሣር ይሸታል። ወደ ቡኒ የሄደው ከርሟል። በጣቶቻችሁ መካከል አሻሹት፤ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመው ለፊት ይሆናል፣ ሸካራው ለእግርና ለክርን ይሻላል። ሻጯን "ኤዶ (አክስቴ)፣ ከሌላ ነገር ጋር የተቀላቀለ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ከእርድ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። መጥፎ አይደለም፣ ግን እርድ ነጭ ፎጣና አንሶላ ላይ ቢጫ ቀለም ይተዋል። ሲከፈት አፍንጫችሁን ራቅ አድርጉ፤ ዱቄቱ ያስነጥሳል።

የመጀመሪያው ቀን ፊታችሁን አትንኩ። ትንሽ በውሃ ለውሳችሁ ክንዳችሁ ላይ፣ ከውስጥ በኩል ቀቡና አጥባችሁ እስከ ማግስቱ ጠብቁ። ካሳከከ ወይም ከቀላ የእናንተ አይደለም ማለት ነው። ከዛፍ የመጣ ነገር ሁሉ ለሰው ሁሉ አይስማማም፤ ይህን ማወቅም ራስን ማክበር ነው።

ከተስማማችሁ ለፊት ሁለት የሻይ ማንኪያ በለብ ያለ ውሃ ለውሱ። ከቀጭን ሊጥ መወፈር የለበትም። ትንሽ ሲቆይ ይልማል፣ ጣት ሲነካው ይንሸራተታል። ፊትን አርጥቡና በጣት ጫፍ እያዞራችሁ ቀቡት፤ ዓይን አካባቢ አትድረሱ። ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ መተው ቆዳን ይጎትታል እንጂ አያፀዳም፤ ሊደርቅ ሲል በውሃ አርጥባችሁ እጠቡት። ከዚያ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ሰሊጥ ዘይትም ሆነ ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የሀርጌሳ አየር ደረቅ ነው፤ የታጠበን ቆዳ ያለ ቅባት መተው አይገባም።

ፀጉር ላይ ግን ዱቄቱን እንዳለ አትነስንሱት። በተለይ ሹሩባ የተሠራች ሴት ፍርፋሪውን ከሥሩ ስትለቅም ትውላለች። መላው እንዲህ ነው፦ ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ቃሲል በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት፣ ከዚያ በስስ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። የሚወጣው አረንጓዴ ውሃ ሲመቱት ያረፋል። እሱን ራስ ቆዳ ላይ እያፈሰሳችሁ በጣት እሹ። አረፋው እንደ ፋብሪካ ሻምፖ አይንደቀደቅም፤ ይህ ደግሞ አያስደንግጣችሁ፣ የአረፋ ብዛትና ንጽሕና አንድ አይደሉም። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ከሆነ ሁለት ዙር ያስፈልገዋል። የተረፈውን አተላ አትድፉት፤ ተረከዝ ላይ እሹበት።

እዚህ አርብ የእረፍት ቀን ስለሆነ የሐሙስ ማታ ለፀጉር የተመቸ ነው። ቀን ወስኑለት። ቀን ያለው ነገር ይደረጋል።

ሁሉን በአንድ ነገር ለመታጠብ ሌላ ምክንያትም አለ፦ ውሃ። ሀርጌሳ አብዛኛውን ውሃዋን የምታገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቻይናውያን ከሠሩት፣ ከከተማዋ በስተሰሜን ከሚገኘው ገድ ዴብሌ የጉድጓድ ውሃ ነው። ከተማዋ ያኔ ከነበረችው ብዙ እጥፍ ሰፍታለች። ቧንቧ ያልገባበት ሰፈር የሚኖር ሰው በቦቴና በአህያ ጋሪ የሚመጣ ውሃ በጄሪካን ይገዛል። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ተሸክማችሁ ደረጃ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ሻምፖ ቀብቶ ማጠብ፣ ኮንዲሽነር ቀብቶ እንደገና ማጠብ፣ ከዚያ ለገላ ሌላ ሳሙና፤ እያንዳንዱ ዙር ውሃ ነው። ሁሉን በአንድ ነገር የሚጨርስ ሰው ዙር ይቀንሳል።

ሳሙናን ግን አልነቅፍም። ዘይት ወይም ሞራ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሐድ የሚወጣው ተራ ሳሙና ከሰው ልጅ ትልልቅ ፈጠራዎች አንዱ ነው። ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ ቤት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ እዚያ ላይ ቃሲል አይተካውም። እጅን በሳሙና መታጠብ የተቅማጥ በሽታን ወደ አንድ ሦስተኛ በሚጠጋ መጠን እንደሚቀንስ ተደጋግሞ በተሠራ ጥናት ታይቷል። ሁላችን ከቤታችን የምናውቀው 501 ሳሙናም ለልብስ ጀግና ነው። ፊት ላይ ግን ያደርቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የሳሙና ፒኤች ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 10 ሲሆን ጤነኛ ቆዳ 5 አካባቢ ነው፤ ቆዳ ትንሽ አሲድ ይወዳል። ኮስቲክ ሶዳ ያልገባበት የደረቀ ቅጠል ከዚህ ጠብ ነፃ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ እጠላለሁ፤ ቆዳ የሚያነጣ ሳሙናና ክሬም። እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ አትግዙት። አንዳንዶቹ ውስጥ ሜርኩሪ ተገኝቷል፤ ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን አንድ ክፍል በላይ ሜርኩሪ ያለበት ሳሙናና ክሬም እስከ 2020 ከገበያ እንዲወጣ ወስኖ ነበር፤ ዛሬም በብዙ አገር ገበያ ይገኛል። በዚያ ዕቃ የሚሸጥላችሁ ከራሳችሁ ፊት ጋር ጠብ ነው። ቃሲል ጠይም ፊትን ጠይም አድርጎ ያጠራዋል። የራሳችሁ መልክ ጠርቶ ሲወጣ መስታወት ፊት የምትቆሙበት ሁኔታ ይለወጣል፤ ትከሻ ቀና ይላል። ለሥራ ስትወጡ፣ ከአሠሪ ጋር ስትነጋገሩ፣ ያ ቀና ያለ ትከሻ አብሯችሁ ይሄዳል።

ወንዶችም ይህን ለሴቶች ብቻ አትተዉት። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያቦካ የዋለ ሰው እጅና ፊት ከማንም በላይ እንክብካቤ ይገባዋል። ፀጉር አስተካካዮችም ብትሆኑ ደንበኛችሁን ከላጫችሁ በኋላ በተጣራ የቃሲል ውሃ ራሱን ብታጥቡለት፣ ጎረቤታችሁ የሌለው አገልግሎት ያዛችሁ ማለት ነው።

አዎ፣ ሥራም ነው። ለንደን፣ ሚኒያፖሊስና ቶሮንቶ ያሉ የሶማሌ ሴቶች እናቶቻቸው በቋጠሮ የላኩላቸውን ይህንኑ ዱቄት ቆንጆ አድርገው አሽገው በኢንተርኔት ይሸጣሉ። ወደ ሶርያ ብትሄዱ በወይራና በሎረል ዘይት የሚሠራው የአሌፖ ሳሙና፣ ወደ ፍልስጤም ብትሄዱ የናብሉስ የወይራ ሳሙና እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ሁለቱም በሠፈሩ ከሚበቅል ነገር የተነሡ ናቸው። ሁለቱም ለገላም ለፀጉርም ያገለግላሉ። እኛስ? ቆላችን በቁርቁራ ተሞልቷል፤ ቅጠሉ ግን ታሽጎ ሱቅ ሲገባ እምብዛም አናይም።

ካፒታል የለኝም የምትሉ የዋሄንን ነጋዴዎች አስቡ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 መግቢያ የሀርጌሳ ትልቁ ገበያ ዋሄን በአንድ ሌሊት ነደደ። የዕድሜ ልክ ልፋት ያለባቸው ሱቆች አመድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ጃንጥላ ተክሎ፣ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ከትንሽ የጀመረ ሰው ሞልቷል። ይህች ከተማ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1988 በቦምብ ፈርሳ ነዋሪዎቿ ከስደት ተመልሰው ድንጋይ በድንጋይ ያቆሟት ናት። መጀመርን የምታውቅ ከተማ ውስጥ ነው የምትኖሩት።

ለመነሻ ሩብ ኪሎ ይበቃችኋል። በፌስታል አታስቀምጡት፤ እርጥበት ከነካው ይሻግታል፣ ሽታውም ይለወጣል። ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ የመስታወት ዕቃ፣ ፀሐይ በማይመታው ቦታ አኑሩት፤ እርጥብ ማንኪያም አትክተቱበት። በውሃ የለወሳችሁትን ለነገ አታሳድሩ፤ የዕለቱን ለዕለቱ። በዋጃሌ ድንበር በኩል ወደ አገር ቤት የምትገቡ ደግሞ ለእናታችሁ ግማሽ ኪሎ ያዙላት፤ የደጇን ቁርቁራ ቅጠልም ጥላ ላይ አድርቃ፣ ወቅጣና ነፍታ እንድትሞክረው ንገሯት።